ክንዱ በጊር፣ ሮለሩ በቤልት፦ የክበባችን ሮቦት የሥራ ማስታወሻ

ግንቦት 24

ለውድድር የምንሠራው ሮቦት ንድፍ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። የሚንቀሳቀሱት ነገሮች ሦስት ናቸው። ከፊት ኳስ እየለቀሙ ወደ ውስጥ የሚያስገቡ ሮለሮች፣ መሐል ላይ ኳሱን ተቀብሎ የሚያነሳ ክንድ፣ ከላይ ደግሞ ኳሱን ወደ ቅርጫቱ የሚወረውር ማስወንጨፊያ። እግሮቹን አልቆጠርኳቸውም። ጎማው ሞተሩ ላይ በቀጥታ ስለሚገጠም ጭቅጭቅ የለበትም። ጭቅጭቁ ያለው ሦስቱ ላይ ነው። ሞተሩ እዚህ፣ የሚሽከረከረው ነገር እዚያ። መሐላቸው ምን ይግባ?

ልጆቹ ለሁለት ተከፍለዋል። ገሚሱ «ጊር ነው እንጂ!» ብሎ ችክ ብሏል። ጊር ብረት ነው፣ አይንሸራተትም፣ አለቀ። ገሚሱ ቤልት ይላል። ቀላል ነው፣ አይጮህም፣ ግሪስ አይፈልግም። ሁለቱም ወገን እውነት ተናግሯል፤ ግን በዚህ መንገድ ክርክሩ እስከ መስከረምም አያልቅ።

እኔ ሌላ ነገር ጠየቅኳቸው። «ሁለቱ ዘንጎች የተተከሉት ምን ላይ ነው? ሮቦቱ ግድግዳ ሲመታ ርቀታቸው ይለወጣል ወይስ አይለወጥም?»

ጸጥ። ከዚያ አንዷ ተነስታ የእንጨት ሞዴሉን በሁለት እጇ ይዛ ጠመዘዘችው። ዘንጎቹ ሲጠጉና ሲራራቁ ሁሉም አየ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ሳጥኑ፣ ማለትም ዘንጎቹን የያዘው አካል ነው የምለው ለዚህ ነው። ጊር ርቀት ይፈልጋል፣ ቤልት ደግሞ ውጥረት ይፈልጋል። ሁለቱንም የሚጠብቅላቸው ሳጥኑ ነው።

የጊሩ ሒሳብ ቀላል ነው። የሁለቱን ጊሮች ጥርስ ደምር፣ በሞጁሉ (የጥርሱን ትልቅነት በሚናገረው ቁጥር) አባዛ፣ ለሁለት አካፍል። ሞጁል 1 የሆነ ባለ 20 እና ባለ 60 ጥርስ ጊር ቢኖረን ከዘንግ መሐል እስከ ዘንግ መሐል 40 ሚሊሜትር ይሆናል። 39 ከሆነ ይነክሳል፣ 41 ከሆነ ጥርሱ በጫፉ ብቻ ይያዛል። ፕላስቲክ የምናትም ከሆነ 0.2 ሚሊሜትር ያህል መፈናፈኛ እንጨምርለታለን፤ ከዚያ ውጭ ግን ድርድር የለም። ቤልት እዚህ ላይ ይቅር ባይ ነው። ዘንጉ ትንሽ ቢሄድም ሞተሩን ሳብ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል። ሳብ የሚደረግበት ቦታ ከተተወለት ነው እንጂ!

ግንቦት 27

ከሰዓት ልጆቹን ይዤ እዚሁ ባሕር ዳር ቀበሌ 14 አካባቢ ወደሚገኝ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ቤልት ምን እንደሆነ በመጽሐፍ ከማስረዳት ይህ ይቀላል። እዚያ ቺንጋ ይሉታል። ሞተሩ ከታች፣ ወፍጮው ከላይ፣ መሐላቸው ጎን ለጎን የሚሄዱ ጥቁር ቺንጋዎች። ወፍጮውን የያዙት እናት መጀመሪያ ሊያስገቡን አልወደዱም። «ነጠላዋን አስቀምጪ፣ ይስብሻል!» አሏት አንዷን ተማሪ። ልክ ናቸው።

ልጆቹ እንዲያዩት የፈለግኩት የሞተሩን መቀመጫ ነበር። ሞተሩ የተቀመጠው ሁለት ብረቶች ላይ ነው። ብረቶቹ ረዘም ያለ ቀዳዳ አላቸው። ቺንጋው ሲላላ አራቱ ብሎኖች ይፈታሉ፣ ሞተሩ በፌሮ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ብሎኖቹ ይጠብቃሉ። ሌላ ጥበብ የለውም። ወጣቱ ኦፕሬተር ቺንጋውን መሐሉ ላይ በአውራ ጣቱ ተጭኖ አሳያቸው። «በጣም ከገባ ይንሸራተታል። ካልገባ ኩሽኔታ ይበላል» አለ። እኔ አንድ ሰዓት የማወራውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰው።

አንድ ልዩነት አለ። የወፍጮው ቺንጋ ጥርስ የለውም። ጎንና ጎኑ ሾጠጥ ብሎ ፑሊው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት ጎማ) ውስጥ ይሰነቀርና በሰበቃ ይጎትታል። ወፍጮው ድንጋይ ቢጎርስ ቺንጋው ይንሸራተታል እንጂ ሞተሩ አይቃጠልም። የእኛ ቤልት ግን ጥርስ አለው። እንዲህ ያለው ቤልት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ለስፌት መኪና ተብሎ የመጣ ነው፤ መርፌውና ከሥር ያለው ማመላለሻ አብረው መዞር ስላለባቸው። ባለ ጥርሱ አይንሸራተትም። ከአቅሙ በላይ ሲሆን ግን ጥርስ ይዘላል፤ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ እሱ ነው።

ስንመለስ የሁሉም ሞተሮች መቀመጫ ላይ ያሉት ክብ ቀዳዳዎች ወደ ረዘመ ቀዳዳ እንዲቀየሩ ወሰንን። የሚሠራውም በሁለት የትራፓኖ ቀዳዳና በሞረድ ነው።

ሰኔ 2

ሮለሮቹ ላይ ክርክሩ ቶሎ አለቀ። ሦስት ሮለሮች በአንድ አቅጣጫ መዞር አለባቸው። ጊር ከጊር ሲነካካ አቅጣጫ ይገለብጣል። ሦስቱን በአንድ አቅጣጫ ለማዞር በየመሐሉ ተጨማሪ ጊር መሰካት ሊኖርብን ነው። ዘንጎቹ ደግሞ 10 ሴንቲሜትር ያህል ይራራቃሉ። ያን ሁሉ ክፍተት በጊር መሙላት ክብደት ማብዛት ነው። ቤልት ግን አቅጣጫ አይገለብጥም፣ ርቀትም አያስጨንቀውም። ጣና ዳር እምቦጭ ሲያጭድ ያዩትን ማሽን ያስታወሰም ነበር። እሱም ቢሆን አረሙን ከውኃ የሚያወጣው ወደ ላይ በሚጎትት ማጓጓዣ ነው።

ለ3ዲ ፕሪንተር የሚሸጠው ጂቲ2 ቤልት በእጃችን አለ። ከጥርስ እስከ ጥርስ 2 ሚሊሜትር ነው። ክፍት ሆኖ በሜትር የሚሸጠውን ትተን ዝግ የሆነውን ቀለበት ያዝን። ክፍቱን የሚቀጥል ነገር እንደልብ አይገኝም፤ የተቀጠለበት ቦታም ፑሊ ላይ ሲደርስ ይንገጫገጫል።

ርዝመቱን እንዲህ አሰላነው። ትንሹ ፑሊ 20 ጥርስ፣ ዙሪያው 40 ሚሊሜትር። ትልቁ 60 ጥርስ፣ ዙሪያው 120። የሁለቱ ግማሽ ግማሽ ሲደመር 80 ይመጣል። በእጃችን ያለው ቀለበት ባለ 140 ጥርስ ነው፤ 280 ሚሊሜትር ማለት ነው። ከ280 ላይ 80 ሲነሳ 200፣ ለሁለት ሲካፈል 100። ፑሊዎቹ እኩል ስላልሆኑ ቤልቱ በትንሹ ይዘነበላል፤ ያን ስናስገባው የዘንጎቹ ርቀት 99.2 ሚሊሜትር ሆነ። ትንሹ ፑሊ ላይ ዘጠኝ ጥርስ ያህል ይያዛል። ከስድስት በታች ከሆነ መዝለል ይጀምራል ስለሚባል ይህ ደህና ነው።

ውጥረቱን በአውራ ጣት ሳይሆን በመለኪያ እናድርገው ያለች ልጅ አለች፤ ደስ ብሎኛል። የተለመደው ልክ ቤልቱ መሐሉ ላይ ቀለል አድርገው ሲጫኑት ከክፍተቱ 1.6 በመቶ ያህል እንዲገባ ነው። ለእኛ ከ1.5 ሚሊሜትር ትንሽ ይበልጣል። ካሊፐር ተደግኖ ተለካ፣ ብሎኑ ጠበቀ።

ሰኔ 5

ዛሬ አንድ ነገር ሊያሳብደን ነበር። አንዱ ልጅ ፖሊ (የፖሊ ቴክኒኩ ግቢ) ፊት ለፊት ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት የተጣሉ ፕሪንተሮች ፈታትቶ የቤልት ክምር ይዞ መጣ። ወርቅ ያገኘ ነው የሚመስለው። አንዱ ቀለበት ርዝመቱ የምንፈልገው ነው፣ ጥርሱም ሲያዩት ያው ነው። ፑሊው ላይ ሲገጠም ግን ቤልቱ ከፑሊው ላይ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ስናጠብቀው ይብሳል። ስናላላው ይዘላል።

ቤልቱን ቀጥ አድርገን ማስመሪያ ላይ አስተኛነውና 50 ጥርስ ቆጠርን። የእኛው ጂቲ2 100 ሚሊሜትር ላይ አረፈ። የፕሪንተሩ 101.6 ላይ አለፈ። ኤምኤክስኤል የሚባለው ነው። የእሱ እርምጃ (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት) በኢንች የተለካ ስለሆነ 2.032 ሚሊሜትር ይሆናል። በአንድ ጥርስ ልዩነቱ በዓይን አይታይም። አሥር ጥርስ ፑሊ ላይ ሲያዝ ግን ሲሶ ሚሊሜትር ይደርሳል፤ የመጨረሻው ጥርስ ጎድጓዱን አልፎ ጠርዙ ላይ ይቀመጣል። ጎንም ለጎን አድርጋችሁ በስልክ ካሜራ አጉልታችሁ እዩት፦ የጂቲ2 ጥርስ ክብ ነው፣ የኤምኤክስኤል ከላይ ጠፍጣፋ ነው።

ልጁ ቅር ብሎት ነበር። ቤልቱ ግን አልተጣለም። ከዚያው ፕሪንተር ፑሊዎቹንም አምጣቸው ተባለ። አብረው የተሠሩ ስለሆኑ አብረው ይሠራሉ። የኳስ መቁጠሪያዋን ትንሽዬ መዘውር እነሱ ያዞራሉ።

ሰኔ 11

ወደ ክንዱ መጣን። እዚህ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ክንዱ 40 ሴንቲሜትር ነው። ጫፉ ላይ ግማሽ ኪሎ ይሸከማል። ራሱ 600 ግራም ይመዝናል። ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ሲዘረጋ ዘንጉ ላይ ከ3 ኒውተን ሜትር ከፍ የሚል የማዞር ጉልበት ያርፋል። ያው ባለ 60 ጥርስ የቤልት ፑሊ ላይ ብናደርገው ስንት ይሆናል? የፑሊው ግማሽ ዲያሜትር 19 ሚሊሜትር ነው። ሲካፈል ቤልቱ ላይ 160 ኒውተን ያልፋል። ይህ 16 ኪሎ የሚሆን ነገር ስድስት ሚሊሜትር ስፋት ባለው ቤልት ላይ አንጠልጥሎ ማወዛወዝ ነው። ገና ግድግዳ ሳንመታ! ሰፊና ትልቅ ጥርስ ያለው ቤልት ቢኖር ይቻል ነበር። ባለ 5 ሚሊሜትር እርምጃ፣ 15 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቤልት ክንድ ያነሳል። እዚህ ግን አይገኝም፤ ቢታዘዝ ደግሞ ውድድሩ አልፎ ነው የሚደርሰው።

የብስክሌት ካቴና ያነሳም ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ካቴና መቼም አይጠፋም። እርምጃው 12.7 ሚሊሜትር ነው። የኋላውን ጥርሳም ጎማ ጨምሮ ሲመዘን ከክንዱ ራሱ ሊከብድ ደረሰ። ታለፈ።

እና ጊር። መጀመሪያ ሞጁል 1 የሆነ በ3ዲ ፕሪንተር አተምን፣ ስፋቱ 10 ሚሊሜትር። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ፤ ፕሪንተሩ ከቆመበት ቢቀጥልም በዚያው ከፍታ ላይ ስስ መስመር ጥሎበታል። ክንዱን በእጅ ይዘን ሞተሩን ስናዞረው ትንሹ ጊር ሁለት ጥርሱን አራገፈ። የተራገፈው በሥሩ ነው። ጥርስ ሲሰበር ሥሩን እዩ፤ መታጠፍ የሚበረታው እዚያ ነው።

አሁን ልጆቹ ጊሩን ሰፋ እናድርገው አሉ። ይሆናል፤ ስፋት ሲጨምር ጥንካሬውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሞጁሉ ሲጨምር ግን ጥቅሙ እጥፍ ድርብ ነው። የጥርሱን ቁጥር ሳንነካ ሞጁሉን ከ1 ወደ 2 ብንወስደው ጊሩ በእጥፍ ይተልቃል፤ ስለዚህ ጥርሱ ላይ የሚያርፈው ጉልበት በግማሽ ይቀንሳል። ጥርሱ ራሱም በእጥፍ ይወፍራል። ሲደመር ጥርሱን የሚያስጨንቀው ጫና አንድ አራተኛ ይሆናል። ዋጋው ቦታ ነው፤ 40 ሚሊሜትር የነበረው ርቀት 80 ይሆናል። ቦታ አለን።

ሰኔ 14

ዓባይ ማዶ ወዳለው ቶርኖ ቤት ሄድን። ትልቁ ጊር በፕሪንተር ይታተማል፣ ትንሹ ግን ብረት ይሁን ብለናል። ትንሹ ጊር አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ጥርሱ ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ ትልቁ በዚያ ጊዜ ሲሶውን ብቻ ነው የሚዞረው።

«ጋሼ፣ ሞጁል ሁለት መቁረጫ አለዎት?»

«አለኝ ልጄ። ስንት ጥርስ ነው?»

«ሃያ።»

«ሃያ ለምን? አሥራ ዘጠኝ አድርጉት።»

ምክንያቱን እንዲናገሩ ልጆቹ ከበቧቸው። 20 ለ60 ልክ አንድ ለሦስት ነው። አንዱ ጥርስ ሁልጊዜ የሚገናኘው ከእነዚያው ሦስት ጥርሶች ጋር ነው። አንዷ ጥርስ ሸካራ ከሆነች እነዚያኑ ሦስቱን እየፋቀች ትጨርሳቸዋለች። 19 ከሆነ ግን እየዞረ ከስልሳውም ጋር ይዳረሳል፤ መበላቱም ለሁሉም ይከፋፈላል። ጋሼ ይህን ሁሉ በቁጥር አላወሩትም። «ያው በያው ላይ አይምታ» ነው ያሉት።

መቁረጫው ላይ 3 ቁጥር ተጽፎበታል። ከ17 እስከ 20 ጥርስ ያለውን ጊር በሙሉ ያው መቁረጫ ይሠራዋል፤ ስለዚህ 19ኙ ለእሳቸውም አላስቸገራቸውም። ከ17 ባይወርድም ጥሩ ነው። በተለመደው 20 ዲግሪ ጥርስ (ዲግሪው ጥርስ ጥርስን የሚገፋበት ዘንበል ነው) ከዚያ በታች ሲኬድ የጥርሱ ሥር እየሳሳ ይሄዳል። አዲሱ ርቀታችን 79 ሚሊሜትር ሆነ።

ሰኔ 23

ዝናቡ ገባ። ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ ወርክሾፑ ጥግ ላይ ረግቷል። ትናንት በአንድ ጣት ይዞር የነበረው ክንድ ዛሬ ይከብዳል። ሮለሮቹ ግን እንደነበሩ ናቸው።

የክንዱ ዘንግ የተተከለው ኮምፔርሳቶ ላይ ነው። ካሊፐር አስገብተን ስንለካ ርቀቱ 78.6 ወርዷል። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ቆልመም ብሏል፤ ሁለቱ ዘንጎች ወደ ውስጥ ተሳስበዋል። ጣና ዳር በክረምት የሚሠራ ሰው ይህን ሊገምት ይገባል። ለጊር አራት አሥረኛ ሚሊሜትር መንከስ ነው። የሮለሮቹ ቤልት ሞተር ያለው ግን አሉሚኒየም ላይ ነው፤ እዚያ ምንም አልተፈጠረም። ቢፈጠርም ሞተሩን ሳብ ማድረግ ነበር።

በርና መስኮት ከሚሠሩ ልጆች ቁርጥራጭ አሉሚኒየም ለመንን። ለክንዱ ሁለት ጎን ጠፍጣፋ ሳህን ተቆረጠ። ሁለቱ ሳህኖች አንድ ላይ ተጣብቀው በአንድ ትራፓኖ ተበሱ፤ ቀዳዳዎቹ ሳይዛነፉ የሚገጥሙት እንዲህ ሲሆን ነው። መሐላቸው በአራት ረጃጅም ብሎኖች ተወጠረ። አሁን ሳጥን ሆነ። ተጠምዝዞ አልንቀሳቀስ አለ።

ኮምፔርሳቶው ሰሌዳ መያዣ ሆኖ ቀርቷል።

ሐምሌ 3

ማስወንጨፊያው ላይ እኔም የጠበቅኩት ቤልት ብቻ ነበር። ፈጣን ነው፣ ጸጥ ማለት አለበት፣ ግሪስ ኳሱ ላይ መረጨት የለበትም። ግን ኳሱን ከላይና ከታች ቆንጥጠው የሚወረውሩት ሁለቱ ጎማዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ነው የሚዞሩት። ቤልት ይህን አያደርግም፤ በሁለቱም ፊት ጥርስ ያለው ካልተገኘ በቀር። ሁለት ሞተር እናድርግ ቢባል ሞተሮቹ እኩል አይዞሩም፤ ኳሱ እየተጠማዘዘ ይወጣል።

ስለዚህ ቀላቀልናቸው። ከሞተሩ እስከ ታችኛው ዘንግ በቤልት። ከታችኛው እስከ ላይኛው በሁለት እኩል ጊሮች፣ 30 ለ30። ለመገልበጥ ጊርን የሚያህል የለም። ጊሮቹ ክፍት ሳይሆኑ በላሜራ ተሸፍነዋል። ግሪሱም ሲነካ እጅ ላይ የሚቀር ያህል እንጂ የሚንጠባጠብ አይደለም።

ድምፁ? አለው። ቤልት ብቻ የነበረ ጊዜ ከሚሰማው ይበልጣል። ጎረቤቶቻችን እስካሁን ምንም አላሉም።

ሐምሌ 9

ክንዱ ጫፉ ላይ ይላወሳል የሚል አቤቱታ ቀረበ። ፕሮግራም የምትጽፈው ልጅ ናት ያቀረበችው። ቦታው ላይ ደርሷል ብላ ታቆመዋለች፣ እሱ ግን ወዲያ ወዲህ ይላል። ሒሳቡ ይህን ይመስላል፦ ጥርሶቹ መሐል 0.3 ሚሊሜትር መላወሻ አለ እንበል። የትልቁ ጊር ግማሽ ዲያሜትር 60 ሚሊሜትር ነው። ይህ በ40 ሴንቲሜትር ክንድ ጫፍ ላይ ሲደርስ 2 ሚሊሜትር ይሆናል። በቀድሞው ሞጁል 1 በሆነው ባለ 60 ጥርስ ጊር ቢሆን 4 ይሆን ነበር። ውጥረቱን የጠበቀ ቤልት ይህ ችግር የለበትም፤ እውነቱ መነገር ካለበት ቤልት እዚህ ላይ ይበልጣል።

ጊሩን ማጥበቅ መፍትሔ አይሆንም፤ ይነክሳል። መፍትሔው ክንዱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን እንዲሳብ ማድረግ ነው። የብስክሌት ካላማዳሪያ በረጅሙ ተቀደደና ከክንዱ ጀርባ ተወጠረ። ጥርሶቹ አንድ ጎናቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፣ መላወሱ ቆመ። በዚያውም ላይ ካላማዳሪያው ክብደቱን ስለሚጋራ ሞተሩ ቀዝቀዝ ብሏል።

ልጅቷ ሌላም ነገር አስለወጠች። አንግል የሚቆጥረው ሴንሰር ሞተሩ ላይ ነበር፤ ወደ ክንዱ ዘንግ ተዛወረ። መሐል ላይ ምንም ይላወስ፣ ምንም ይዝለል፣ የምታውቀው የክንዱን ቦታ ነው። ሮለሮቹ ሴንሰር አያስፈልጋቸውም፤ ቤልታቸው አንድ ጥርስ ቢዘል ማን ይጠይቃቸዋል።

ሐምሌ 16

ዛሬ ሆን ብለን አጋጨነው። ክንዱ ተዘርግቶ ሮቦቱ በሙሉ ፍጥነት ግድግዳ ላይ ሄደ። ብረቱ 19 ጥርስ ደህና ነው። የታተመው ባለ 60 ጥርስ ላይ አንድ ጥርስ ትንሽ ነጭ መስመር አውጥቷል። ፕላስቲክ ሲነጣ መሰንጠቅ ጀምሯል ማለት ነው፤ ይቀየራል። ሮለሮቹ ላይ ኳስ ቀርቅሮ ቤልቱ ቀጭ ቀጭ አለና ኳሱ ሲወጣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የታተመው ጊር ፒኤልኤ የሚባል ፕላስቲክ ነው። 60 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳይቀር ለሹፌሩም ተነግሯል። መለዋወጫው ፒኢቲጂ በሚባል ሌላ ፕላስቲክ ይታተማል፤ እሱ እስከ 80 ይታገሳል።

የመለዋወጫ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው ተለይቷል። ሁለት ባለ 60 ጥርስ ጊር፣ አንድ ባለ 19፣ ባለ 140 ጥርስ ቀለበት ቤልቶች፣ የተቀደደ ካላማዳሪያ፣ ሮንዴላና ዳዶ። ቤልት መቀየር ብሎን አላልቶ መልሶ ማጥበቅ ስለሆነ በጨዋታዎች መሐል ይሠራል። ትልቁን ጊር ለመቀየር ግን አንዱ ጎን ሳህን መውለቅ አለበት። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ልጆቹ ሰዓት እየያዙ ይህን ይለማመዳሉ። ከሁለቱ ሳህኖች የትኛው እንደሚወልቅም በቀይ ናስትሮ ምልክት ተደርጎበታል፤ ተሳስቶ የሞተሩን ጎን የሚፈታ ሰው ሽቦውንም አብሮ ይነቅላል።